ሦስተኛው ባቡር

አቮንዴል ጣቢያ ሙቀቱ ያፍናል፤ ሰዉ ላብና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይሸታል። ልጄ ማሊያዋን ለብሳ እጄን ይዛለች። ለዓለም ዋንጫ የሚሄድ ሰው የሞላባቸውን ሁለት ባቡሮች አሳልፌያለሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ ጋሼ የምለው አጎቴ ከዚሁ ጣቢያ ኳስ ሊያሳየኝ ሲወስደኝ ግፊያ ካየ አይሳፈርም ነበር። አንድ ቀን ጨዋታው ሊያመልጠን ነው ብዬ አለቀስኩ። በላብ የራሰ እጁ እጄን ጭብጥ አደረገው።

«ኳስ ነገም አለ» አለኝ። «ስንሰደድ፣ ጭነት መኪናው ላይ ለመውጣት ሰው ሲጋፋ የእህቴን እጅ ለቀቅኩ። እሷ ወጣች፣ እኔ ቀረሁ። የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ አንስቶ አያውቅም።

ሦስተኛው ባቡር መጣ። ልጄ እጄን ለቃ ዘላ ገባች።

«ዳዲ፣ ካም ኦን! ቦታ አለ እኮ!»

እውነቷን ነው፣ ቦታ አለ። እግሬ ግን አልነቃነቅ አለኝ። በሩ ሊዘጋ ደወሉ ጮኸ።