ከማራገቢያው ሥር

የጣሪያውን ማራገቢያ ስከፍተው ዛሬም ተንገጫገጨ። ጎረቤቴ፣ «ዘይት አስነኪውና ዝም ይበል» ትለኛለች። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ጭር ሲል አልወድምና ተውኩት። ደግሞ እኔና እሱ የተዋወቅነው እንዲህ ያለ ጩኸት ሥር ነው።

ገንዳ ውኃ ኮሌጅ ስንማር ነው። መምህራችን የጽሑፍ ኮርስ ያቃታቸውን ተማሪዎች ሻል ያልነው እንድናግዝ ደልድሎን ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በዚያው የቀረ፣ መዳፉ የሻከረ፣ በዕድሜ ከሁላችንም ከፍ ያለ ልጅ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማውራት ክልክል ስለሆነ ከሚጮኸው ማራገቢያ ሥር እንቀመጥ ነበር። መብራት ድንገት ሲጠፋ ድምፃችን ብቻውን ይቀራል። ያኔ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከመነጽራቸው በላይ እያዩ፣ «እናንተ፣ ለንባብ ነው ለወግ የመጣችሁት?» ይሉናል። ወረቀታችንን ይዘን ደጅ ወዳለው የኒም ዛፍ ጥላ እንወጣለን። ወላፈኑ ፊት ይለበልባል፤ ከሚያልፉት የጭነት መኪኖች አዲስ ሰሊጥ ይሸታል።

የመጀመሪያ ጽሑፉን ሳይ ሳቄ መጣ። ገጹ ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከአገሬ ተነሥቼ፣ ሳንጃ አድሬ፣ አብርሃ ጅራ ወርጄ፣ ማጭድ ይዤ እያለ ይሄዳል እንጂ አያርፍም።

«አራት ነጥብህ የታለ?»

«ገና መች ደረስኩ፣ እታለም።»

«ዓረፍተ ነገር እኮ ማረፊያ አለው።»

«እኛ አጫጆች ጫፍ ሳንደርስ ቀና አንልም። ካቦው ይሰድበናል።»

«እኔ ካቦ አይደለሁም። ቀና በል።»

ኮርሱን ከወደቀ ወደ አጨዳው እንደሚመለስ ነግሮኝ ነበር። እንዲያልፍ አጥብቄ ፈለግሁ። ካለፈ ደግሞ ከአጠገቤ የሚቀመጥበት ምክንያት አይኖረውም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በለሆሳስ እንዲያነብልኝ አደርግ ነበር፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ጠረጴዛውን በጣቴ ነካ አደርጋለሁ፤ እሱም እዚያች ላይ አራት ነጥብ ያኖራል። ኋላ ኋላ ጣቴን ሳላነሣ ቀድሞኝ ያኖር ጀመር። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም።

አለፈ። ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት የለመድነው ቦታ ብቻዬን ተቀመጥኩ። መጽሐፍ ገለጥኩ፤ አላነበብኩም። መጣ። ወረቀትም እስክሪብቶም አልያዘም። ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አልፈህ የለ? ደግሞ ምን ቀረህ?» አልኩት።

«የኔማ አለቀ። አንቺንስ ምን ያቅትሻል?»

ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ጎበዝ ተማሪ የሚያቅተው ነገር ይኖራል ብሎ ማንም አያስብም። ብዙ አሰብኩ። ምን እንዳልኩት ዛሬ ጠፍቶብኛል። እሱ ግን አገጩን በእጁ ደግፎ እስክጨርስ ሰማኝ።

አሁን ሊጠይቁኝ የሚመጡት ደጋግ ሰዎች፣ «የጎደለሽ ነገር ካለ ንገሪን» ይሉኛል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ምንም አልጎደለ» እላቸዋለሁ። ምን እንደሚያቅተኝ የሚጠይቀኝ ግን የለም።