የጭስ ሐኪሙ

ጋራዡ ውስጥ ሁላችንም ዶክተር እንለዋለን። አሮጌ መኪና እያጨሰ ሲመጣ መፍቻ አያነሳም። ከጭስ ማውጫው ሁለት እርምጃ ርቆ ይቆማል፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፣ «እስቲ ነዳጅ ርገጥ» ይላል። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል፣ ነጩ አልጠፋ ካለ ውሃ ገብቷል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲፈርድ ኖረ። ባለቤቱን አይጠይቅም። «ባለመኪና ይዋሻል፣ ጭስ አይዋሽም» ባይ ነው። እግዜር ይይለትና ይህን ነገር በቀን አሥር ጊዜ ያሰማኛል።

እኔ አጠገቡ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። የሁለታችንም ወገብ አልቋል፤ ጠዋት ቱታ የምንለብሰው ግድግዳ ተደግፈን ነው። ዓይኑ መድከሙን ያወቅሁት ዓምና ነው። ቀዩን ሽቦ አቀብለኝ ስለው ቀዩንም ጥቁሩንም ይዞ መጣና «ምረጥ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይህ ሰው ከዓይኑ ሌላ ምን አለው? አፍንጫውንማ ጭሱ ቀድሞ ገድሎታል። ከዚህ ከወጣ የሚጠብቀው ልጁ ቤት ወንበር ላይ ተጎልቶ መዋል ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ በዕድሜ ከእሳቸው ብዙም የማታንስ መኪና ይዘው መጡ። የታመሙ ባላቸውን ሐኪም ቤት የሚያመላልሱት በሷ ነው። ዶክተር እንደ ልማዱ ቆመ። ጭሱ ወጣ፤ ሰማያዊ፣ ያውም ምንም የማያሻማ ሰማያዊ።

«ነጭ ነው» አለ። «ውሃ ገብቷል፤ የሞተሩ ክዳን መውረድ አለበት።»

«ኧረ ውሃውስ አልጎደለም፣ ዶክተር። እኔ በየሳምንቱ የምጨምረው ዘይት…»

«እትዬ፣ ጭሱ ነግሮኛል።»

አስተማሪዋ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ሠላሳ ዓመት የተከበረን ሰው ደንበኛ ፊት ተሳስተሃል ይሉታል? ይሉኝታ ያዘኝና ሽቦዬን መጠቅለል ጀመርኩ።

ሦስት ቀን ሙሉ እያቃሰተ ሞተሩን ፈታ። አስተማሪዋ ባላቸውን በጎረቤት መኪና እየለመኑ አመላለሱ። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን አወረደና ሥሩ ያለውን ጋስኬት፣ ውሃ እንዳይገባ የሚያግደውን ማሸጊያ፣ በአውራ ጣቱ ዳር ዳሩን ዳሰሰው። ደህና ነው፣ አንድም የተበላ ቦታ የለውም። የፒስተኑን አናት ነካ፤ በዘይት ርሷል። ባዶ ጀሪካን ላይ ቁጭ አለ።

«ቀለሙ ምን ነበር?» አለኝ።

«ሰማያዊ።»

«አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮህብኝ በስንት ጣዕሙ! «ዓይኔ መድከሙንስ አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «አንተ አጠገቤ አለህ ብዬ እኮ ነው ያልፈራሁት።»

መጥቼ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «አስተማሪዋ ጋ ደውልልኝ፤ ቁጥሩ አይታየኝም።»

ደውዬ አቀበልኩት። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አላቸው፣ «የኔ ብቻ ነው።» የኔም ነው ልል አፌን ከፈትኩ። አሁንም ቃል አልወጣኝም።