የታዘዘልኝ ጫካ

ባቡሩ አቃቂ ጣቢያ ሲደርስ ገና ጎህ እየቀደደ ነበር። እማዬ ከሐዲዱ ማዶ ካለው ባህር ዛፍ የሸመጠጠችውን ቅጠል በፌስታል ቋጥራ በመስኮት አቀበለችኝ። «ጉንፋን ሲይዝህ ቀቅለህ ታጠንበት» አለችኝ። ጅቡቲን አልፌ ጀርመን እስክገባ ቅጠሉ ደርቆ ዱቄት ሆነ። አልጣልኩትም።

እዚህ የከበደኝ ብርዱ አይደለም፤ ብርድማ ይለመዳል። የከበደኝ ስልኩ ነው። ከፋሲካ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር የምታነሳው እህቴ አልማዝ ናት። እማዬን አቅርቢልኝ ስላት አንዴ ዕድር ሄዳለች ትለኛለች፣ አንዴ ገላን ድረስ ዘመድ ልትጠይቅ። ያቺ እግሯን የሚያማት ሴት እንዲህ ዘዋሪ የሆነችው መቼ ነው? እንቅልፌ ጠፋ፤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ሐኪሙ ኪኒን ይሰጠኛል ስል ጫካ አዘዘልኝ። «ቫልድባደን» ይሉታል፣ የጫካ መታጠብ እንደማለት። ውሃ የለው፣ ሳሙና የለው፤ ዛፍ መሃል ቀስ ብሎ እየሄዱ መተንፈስ ነው። አቃቂ ሆኜ ሐኪም ጫካ አዘዘልኝ ብል ሰፈርተኛው ይዞ ጠበል ይወስደኝ ነበር።

ጫካው መግቢያ ላይ ሳላስበው ጫማዬን አወለቅኩና አማትቤ የመጀመሪያውን ዛፍ ተሳለምኩ። ምን ላድርግ፣ እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ትልልቅ ጥድ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ብቻ ነው። እኔንና አብረውኝ የመጡትን ጀርመኖች የምትመራ ሴትዮ ደስታዋን አልቻለችውም።

«እዩት፣ ከተፈጥሮ ጋር እንዴት እንደተገናኘ» አለቻቸው።

ጀርመኖቹ ሁሉ ጫማቸውን አወለቁ። አንዱ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ፣ «ከዚያስ?» አለኝ።

«ከዚያማ ቄሱን መጠበቅ ነው» አልኩት።

ቀጥላ ሴትዮዋ እያንዳንዳችን አንድ ዛፍ ይዘን የከበደንን እንድንነግረው አዘዘች። ግንዱን አቅፌ ቆምኩ። ማልቀስ ፈለግኩ፤ ግን ሳያረዱኝ እንዴት ላልቅስ? እኛ ዘንድ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ ዘመድ ጎረቤት ማልዶ ይመጣና ግራ ቀኝ ይዞ ነው የሚያረዳው። እናቴ በሕይወት ካለች ደግሞ ለቅሶዬ ሟርት ይሆንባታል። እንባዬን ዋጥኩት። ግንዱን ባሸተው ባሸተው ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ አይልም።

ከጫካው ስወጣ መንገድ ዳር ካለው የስልክ ሳጥን ደወልኩ።

«አልማዝ፣ በማርያም እውነቱን ንገሪኝ።»

ከኋላዋ ባቡሩ ሲያልፍ ተሰማኝ።

«ወንድሜ፣ አጠገብህ ሰው አለ?»

ዞር አልኩ። ጀርመኖቹ የጫማቸውን ማሰሪያ እያሰሩ ነበር።

«የለም።»

«አንድ አበሻ እንኳን?»

«የለም አልኩሽ እኮ።»

«እንግዲያው ሰው ስታገኝ ደውል» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ፣ ስልኩንም ዘጋችው።

ይኸው እስካሁን ሰው አላገኘሁም። ከእናንተ መሃል በዚህ አገር ያለ ካለ፣ አንድ ጠዋት መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥልኝና ልደውል።