ስዊድናውያኑ ቤት ለቅሶ ስደርስ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንታችን ውስጥ ስዊድናዊ ባልና ሚስት ጎረቤቶች ነበሩኝ። አንድ ቅዳሜ ከቤታቸው ረጅም እንጉርጉሮና ሲቃ ሰማሁ። እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ላሉት አክስቴ ደውዬ ብነግራቸው፣ «ለቅሶ እየሰማሽ ስልክ ታወሪያለሽ? አንቺ ደግሞ ጎረቤት ተብለሽ!» አሉኝ። እውነትም ሰላም እንኳ ብያቸው አላውቅም፤ ጸጸት ያዘኝ።

ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ምስር ወጥ ይዤ፣ ገርበብ ያለውን በር ገፍቼ እያለቀስኩ ገባሁ። ወለሉ ላይ ተቀምጠው ያንጎራጉራሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለእነሱ ብዬ የጀመርኩት ለቅሶ ሳላውቀው አገር ቤት ሞታ ላልቀበርኳት እናቴ ሆነ።

ሲደክመኝ፣ «ማን ነው የሞተባችሁ?» አልኳቸው።

ሴትዮዋ ግራ ገባት። «ማንም! የሞተብሽስ አንቺ መስለሽን ነበር። እኛ ዘፈን እየቀዳን ነው።»

ባልየው ቴፑን አሳየኝ። «ካሴቱን ለወዳጆች ብቻ ነው የምናድለው፤ ስማችንንም አንጽፍበትም» አለና ወደ ኋላ አጠንጥኖ ከፈተው።

ለቅሶዬ አብሮ ተቀድቷል፤ በሀፍረት «አጥፉልኝ» ልላቸው ስል፣ «እማዬ» ብዬ በጮህኩ ቁጥር ሁለቱ «እማዬ፣ እማዬ» እያሉ ሲቀበሉኝ ሰማሁ።

«ቆዩ፣ ባዶ ካሴት ላምጣ» አልኳቸው።