እጃችሁን ታጥባችሁ ሂዱ ያልኩ ዕለት

ቅዳሜ ጠዋት አዳማ በሚገኝ አንድ ኤፍኤም ሬዲዮ ላይ ሩብ ሰዓት አለችኝ። የሳምንቱን የቴክኖሎጂ ወሬ አነሳና የመሰለኝን እናገራለሁ። የመሰለኝን መናገር ደግሞ ቸግሮኝ አያውቅም። በሥራ ቀን ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ዓርብ ሲሆን «ነገ ደግሞ ማን ላይ ልትወርድ ይሆን?» እንደሚባባሉ ሰምቻለሁ። አልዋሹም።

የኤሌክትሪክ መኪና ይግባ ሲባል እሰይ ብዬ ካጨበጨቡት አንዷ ነበርኩ። ጥቂት ቆይቶ በጓደኛዬ አዲስ መኪና ላንጋኖ ወረድን። ስንመለስ ባትሪው እንዳያልቅብን ማቀዝቀዣውን አጥፍተን፣ መስኮቱን ከፍተን፣ በዚያ ሙቀት እየተጠበስን መቂ ደረስን። አንድ የሽንኩርት ደላላ አዝኖልን ከመጋዘኑ ገመድ ስቦ ቻርጅ አደረገልን፤ እስኪሞላ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጠን ከሰዓቱን ሙሉ አሳለፍን። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ መኪናውን አስቀድመው መሙያውን የረሱትን ሰዎች በሬዲዮ ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው። ሰው ሰራሽ አስተውሎት መምህራንን ሊተካ ነው ለሚሉትም መልስ ነበረኝ። መጀመሪያ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለ የሚያወራ የአዳማ ተማሪ የተናገረውን ይረዳና ከዚያ እንነጋገራለን አልኳቸው።

ከአድማጮቼ ሁሉ የምፈራው ግን አባቴን ነው። ከአዳማ ብዙም በማትርቅ፣ ዙሪያዋን አገዳ በከበባት ከተማ ከእናቴ ጋር ይኖራል። በጎረምሳነቱ ከከምባታ አገዳ ሊቆርጥ መጥቶ፣ ቆይቶ ወደ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ገባና መካኒክ ሆኖ ጡረታ ወጣ። ፕሮግራሜ እንዳለቀ ይደውላል። ሰላምታ የሚባል ነገር የለም። አዳማ አናት ላይ ስለሚሽከረከሩት የነፋስ ማማዎች ሃያ ነገር ዘርዝሬ ስጨርስ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ኩሽኔታውን ማን ነው ግሪስ የሚቀባው?» አለኝ። ስለ ሳተላይት ኢንተርኔት ሳወራ ደግሞ፣ «ሲበላሽ ማን ወጥቶ ነው የሚፈታው?» ብሎ ያዘኝ። እስቃለሁ፣ እናደዳለሁ፣ ከዚያ ስለ ኩሽኔታው ሳነብ አመሻለሁ። እውነቱን ለመናገር ለፕሮግራሜ ግማሹን ዝግጅት የምሠራው ለእሱ ጥያቄ ነው።

አባዬ የፋብሪካው ጡረተኞች ዕድር ጠሪ ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመተሐራ እስከ መቂ ለተበተኑት ጓደኞቹ በሙሉ ያዳርሳል። ስልክ ቁጥሩ በየቤቱ በር ጀርባ በጠመኔ ተጽፏል። ከእነዚያ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ከእሱ ሌላ በቃላቸው የሚያውቁት ቁጥር የላቸውም። ታዲያ አንድ ቀን የመስኖ ቦይ ዳር ያለ ፓምፕ ምን ሆኖ እንደሚንቋቋ ለማየት ጎንበስ ሲል ስልኩ ከደረት ኪሱ ሾልኮ ውሃ ገባ። ቦዩ ከነሲም ካርዱ ይዞት ሄደ። መስመሩን ለማስመለስ ሲሄድ፣ «አዲሱን ዲጂታል መታወቂያ ይዘው ይምጡ» ተባለ።

ነገሩ ሲገጥም እኔም በዚያው ሰሞን ስለዚሁ መታወቂያ ነበር የማወራው። ደጋፊ ነበርኩ፣ ያውም ጠንካራ ደጋፊ። ለእያንዳንዱ ጉዳይ ፎቶ ኮፒ ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ስላንገሸገሸኝ፣ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ተመዝግቦ ይገላገል የሚለው ሐሳብ ልቤን ወስዶት ነበር። «ማሽኑ አሻራችንን አልቀበል አለ» የሚሉ አድማጮች መልእክት ሲልኩ ትዕግሥቴ አለቀ። ማይክሮፎኑን ጠጋ አልኩና፣ «ማሽኑ ምን ያድርግ? ችግሩ ያለው እጃችሁ ላይ ነው። እጃችሁን በደንብ ታጥባችሁ ሂዱ!» አልኩ። የቴክኒክ ሠራተኛው ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ሲስቅ አየሁት፤ እኔም ደስ አለኝ። የዚያን ቀን አባዬ ስልክ ስላልነበረው፣ እናቴም የእሷን ይዛ ገበያ ወጥታ ስለነበር አልደወለም።

ግን ሰምቶኛል። እሱና ሦስት ጓደኞቹ ሬዲዮኗን ከበው ሰምተውኛል።

ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ያረጀ መካኒክ እጁን እንዴት እንደሚታጠብ ለማያውቅ ልንገር። ፈረቃው ሲያልቅ መጀመሪያ ነጭ ጋዝ ይቀባል። ከዚያ አንድ እፍኝ ስኳር ከሳሙና ጋር መዳፉ ላይ አድርጎ፣ ግሪሱ ከቆዳው እስኪለቅ ድረስ ይፈትጋል። ሌላው አገር ስኳር ለሻይ ነው፤ እነሱ ጋ ለሻይም ለእጅም ነበር። ልጅ ሆኜ አባዬ ከሥራ ሲመጣ እጁ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸት ነበር፤ እስከ ዛሬ ያ ሽታ ሲመጣብኝ ደስ ይለኛል። እና አራቱ ሰዎች ሰኞ ጠዋት ግቢያችን ባለው ቧንቧ ዙሪያ ተሰብስበው፣ ልጅቷ በሬዲዮ እንዳዘዘችው፣ እጃቸውን በደንብ ታጠቡ። እናቴ እንደነገረችኝ አንድ ኪሎ ስኳር ጨርሰዋል። «ለሠርግ እንኳ እንዲህ ሲታጠቡ አላየሁም» አለችኝ።

እኔ ከአዳማ ሚኒባስ ይዤ መመዝገቢያው ጋ ጠበቅኳቸው። ኮት ለብሰው፣ መዳፋቸው በፍተጋ ብዛት ቀልቶ፣ ነጭ ጋዝ እየሸተቱ መጡ። መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ናት፤ ተነሥታ በኦሮምኛ «አካም ቡልታኒ አባባ» ብላ ተቀበለቻቸው። አባዬ አራት ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ስክሪኑ ቀይ ሆነ። ጠርጋ ደገመችው። ቀይ። አውራ ጣቱን፣ ከዚያ ግራ እጁን። ጓደኞቹ ተራ በተራ ሞክረው፣ ከስንት መከራ በኋላ አንዱ በሌባ ጣቱ፣ ሌሎቹ በትንሿ ጣታቸው አለፉ። ለአባዬ ግን አንድም ጣት አልያዘለትም።

«ዓይናቸውንና ፎቷቸውን ይዞልኛል» አለች ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ፣ «ግን ቢያንስ አንድ ጣት ካላገኘ አላልፍም ይላል። በምንድነው የታጠቡት?»

አባዬ በኩራት ነገራት። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አባባ፣ ድሮም የሳሳውን የአሻራ መስመር እኮ ፍቀው ጨረሱት! ማነው እንዲህ አድርጉ ያላችሁ?»

አራቱም እኩል ወደ እኔ ዞሩ።

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ልጅቷ አንድ ወር እጁን እንዲያሳርፍ፣ ማታ ማታ ቅባት እንዲቀባና ተመልሶ እንዲመጣ መከረችን። አባዬን «እጅህን አሳርፍ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷ የት ታውቃለች። እናቴ ዘበኛ ሆነች። በሳምንቱ የጎረቤት ፓምፕ ሥር ተጋድሞ፣ ሁለት እጁ ላይ የዳቦ ፌስታል አስሮ ቁልፍ ሲያጠብቅ ያዘችው። ሕግ አልጣስኩም ብሎ ተከራከራት።

የእናቴን ስልክ ተጠቀም አልነው። እሱ መደወል ይችላል፤ ለእሱ የሚደውሉት ግን የሚያውቁት የበሩን ጀርባ ቁጥር ነው። እና የፈራሁት መጣ። መተሐራ የሚኖር፣ ከእሱ ጋር አገዳ ሲቆርጥ የነበረ ጓደኛው ሞተ። ቤተሰቡ በተደጋጋሚ ደወለ፤ ስልኩ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ይላል። አባዬ የሰማው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። እሱም አልቀበረም፣ ለማንም አላዳረሰም። ያን ሰሞን ልጠይቃቸው ስሄድ ኮቱን እንደለበሰ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ለቅሶ ደርሶ ተመልሷል። «ሚስቱ ምንም አላለችኝም» አለኝ። «ዕድሩ የት ሄደ ብላ እንኳ ብትቆጣኝ ምናለበት።»

ተናደድኩ። አዳማ ተመልሼ ስለዚያ ማሽን የጻፍኩት ጽሑፍ ቢነበብ ኖሮ ከሬዲዮው ያባርሩኝ ነበር። ዓርብ ዕለት ወደ እናቴ ስልክ ደውዬ ለአባዬ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ማሽኑን አትስደቢው» አለኝ። «ያየውን ነው የተናገረው። አሻራ የለም አለ፤ እውነትም የለም። እኔ ብሆን የምጠይቀው የሠራውን ሰው ነው። ለመሆኑ ያ ሰውዬ የፋብሪካ ሰው ጨብጦ ያውቃል ወይ እለዋለሁ።»

«ይኼን በሬዲዮ ልበለው?»

«በይው። ግን መጀመሪያ ያንቺን በይ።»

ቅዳሜ ዕለት መጀመሪያ የራሴን አልኩ። የሰውን እጅ ቆሻሻ ብዬ እንደ ተሳደብኩ፣ እንደ ተሳሳትኩ፣ በእኔ ምክር የገዛ አባቴ አሻራውን ፍቆ እንደጨረሰ ተናገርኩ። ከዚያ ደግሞ አሁንም የማምንበትን አልኩ። መታወቂያው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሰውን በጣቱ ጫፍ እንወቀው ብሎ የወሰነ ሰው፣ ጣቱ ከብዕርና ከስልክ በቀር ሌላ የማይነካ ሰው ነው። አገዳ የቆረጠ፣ ሽንኩርት የለቀመ፣ ድንጋይ የፈለጠ፣ ዕድሜዋን በሙሉ ልብስ ያጠበች፣ እነዚህ ሁሉ ከማሽኑ ፊት የሚቆሙት ጣታቸው በለፉት ልክ ተጎድቶ ነው። ለእነሱ ሌላ መግቢያ በር ገና በመጀመሪያው ቀን መታሰብ ነበረበት። ስጨርስ የቴክኒክ ሠራተኛው አልሳቀም።

ወሩ አለቀ። ተመልሰን ሄድን። አባዬ እናቴ በቅባት ስታሸው የከረመችውን እጁን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተጠንቅቆ ይዞ መጣ። ያቺው ልጅ ናት። ቀኝ እጁን ሞከረች፤ ቀይ። አውራ ጣቶቹ ቀይ። አባዬ ይኼም ካልተሳካ የዕድሩን ጠሪነት ለሌላ ሰው እንደሚያስረክብ በመንገድ ላይ ነግሮኝ ነበር። ሰው ሞቶ የማይገኝ ጠሪ ምን ያደርጋል ነው ያለኝ።

ግራ እጁ ላይ ስትደርስ፣ «አባባ፣ ይቺን ጣት ዘርጋ ያድርጓት» አለችው።

የቀለበት ጣቱ ናት። አትዘረጋም። ወደ መዳፉ እንደታጠፈች ነው የምትኖረው፤ ባለፈው መስታወቱ ላይ ስላላረፈች ማሽኑም እኛም ትተናት ነበር። ለምን እንደታጠፈች ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከወንድሜ ጋር ተጣልቼ፣ ተናድጄ፣ የግቢያችንን የብረት በር ባለኝ ኃይል ሁሉ ወርውሬ ስዘጋው የአባዬ እጅ መሃል ነበር። ጅማቷ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ መፍቻ አልያዘችም፣ መዶሻ አልጨበጠችም። ተጣጥፋ ስለምትኖር ስኳሩም በደንብ አይደርሳትም ነበር። አባዬ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እኔም ይቅርታ ብዬው አላውቅም፤ በልጅነቴ ፈርቼ፣ ካደግኩ በኋላ ደግሞ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ።

ልጅቷ ጣቲቱን በሁለት ጣቶቿ ይዛ፣ ቀስ አድርጋ አቃናችና መስታወቱ ላይ ጫን አደረገቻት። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ።

«እንዴ!» አለች። አጉልታ አሳየችን። መስመሮቹ ክብ ክብ ሆነው፣ አንድም ሳይጎድል፣ የሕፃን ጣት ይመስል ተደርድረዋል። «አለፈ አባባ፣ አለፈ! ግን ይቺ ብቻዋን እንዴት ተረፈች?»

አንገቴን ደፋሁ። አባዬ ጣቱን ከመስታወቱ አንሥቶ አገላብጦ አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይቺንማ» አላት፣ «ልጄ ናት ያስቀመጠችልኝ።»