«እርግጠኛ ነዎት?» የሚለው መጋዝ

«ሰውየው እየተቆረጠ ነው እኮ! ጣቱ! ደሙ ፊቴ ላይ እየተረጨ፣ ያንተ ዕቃ ምን ይለኛል? ‹መጋዙን ማቆም እንደሚፈልጉ እርግጠኛ ነዎት?› በአንቱታ! አንተ ብሎኝ ቢቆም ምን ነበረበት?»

ይህን የሚጮኸው ቡጢ ነው። የሚጮኸውም የእህቱን ባል ኮሌታ ጨምድዶ ይዞ፣ ፍሪጁ ላይ ለጥፎት ነው። የአበባ ማስቀመጫው ወድቆ ተሰባብሯል። አማቹ በእግሩ ጣቶች ቆሟል፣ መነጽሩ አንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ... ሲስተሙ... በትክክል ነው የሠራው» አለ በቀረችው ትንፋሽ።

ይህን ባይል ይሻለው ነበር። ቡጢ በግንባሩ ገጨው፤ ከአማቹ አፍንጫ ደም ዱብ አለ።

እህትየው ከመኝታ ቤት በአንድ እግር ጫማ ወጣች። ሌላኛው ጫማ እጇ ላይ ነበር። የወንድሟን ጀርባ በተረከዙ ትነርተው ገባች።

«ልቀቀው! የልጆቼን አባት ልትገድልብኝ ነው?»

«ባልሽ ሰው ሊገድል ነበር!»

«እሱ? እሱ እኮ በረሮ ሲያይ እኔን ነው የሚጠራው!»

ቡጢ ስሙን ያገኘው ከቤተሰብ ሳይሆን ከጠባዩ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከዓለም ጋር የሚግባባው በእጁ ነው። ሬዲዮ ሲንኮሻኮሽ ይመታዋል፣ ሬዲዮውም ይዘፍናል። በር እምቢ ሲል ይመታዋል፣ ይከፈታል። ሚስቱን ያገኛት እንኳ ወንድሟን ደብድቦ ይቅርታ ሊጠይቅ ቤታቸው በሄደበት ጊዜ ነው። ጣውላ መሰንጠቂያው ቤት ሲቀጠር ታዲያ ፍቅር የያዘው ከመጋዙ ጋር አይደለም፤ ከቀዩ ቁልፍ ጋር ነው። ቁልፉ ከመጋዙ አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ፣ እንደ እንጉዳይ አብጦ፣ ጡጫ አክሎ ተቀምጧል። በጡጫ ምታው፣ በክርን ምታው፣ ካሻህ በግንባርህ ግጨው፣ መጋዙ ቀጥ ይላል። በዕድሜው የቡጢን ዱላ ችሎ፣ ሳይሰበርና ሳያኮርፍ የታዘዘለት ነገር ያ ቁልፍ ብቻ ነው።

ቁልፉ አንድ ጉድለት ነበረበት። ሠራተኞቹ ምሰሶውን ሲደገፉ በጀርባቸው ይጫኑትና መጋዙ ሥራ መሀል ይቆማል። የቤቱ ባለንብረት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴትዮ፣ «ይሄ መጋዝ እንደ አህያ በየመንገዱ መቆም አበዛ» አሉና ቡጢን መላ ጠየቁት። ቡጢ የመጋዙ ኃላፊ ነው፣ አማቹ ደግሞ ሶፍትዌር ይሠራል። ነገሩ በቤተሰብ አለቀ። ቁልፉ ተነቀለ፣ ስክሪን ተተከለ። ስክሪኑ ፍጥነት ያሳያል፣ ሙቀት ያሳያል፣ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ» ይላል። እትዬ ጎረቤት እየጠሩ ያስጎበኙት ነበር።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ግንድ የሚገፋው ጋሪ የጭምትን እጅጌ ያዘ።

ጭምት የቡጢ የሥራ ጓደኛ ነው። ከመጋዙ ማዶ ቆሞ ጣውላ ይቀበላል፤ አፉን የሚከፍተው ለማዛጋት ያህል ነው። ስለዚህ እሱ «ኧረ!» ሲል ቡጢ ነገሩ የምር መሆኑ ወዲያው ገባው። በልማዱ ምሰሶውን በጡጫ አጮለው። ምሰሶው ላይ ያለው የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው። ወደ ስክሪኑ ዘለለ። ስክሪኑ ጓንት አያውቅም። ጓንቱን በጥርሱ ጎትቶ አወለቀ። ጣቱ ላብና ሰጋቱራ ነው፤ ስክሪኑ ላብም አያውቅም። ሱሪው ላይ ጠርጎ ሲነካው ያ ጥያቄ መጣ። መሀል ላይ በትልቁ፣ በአረንጓዴ «ተመለስ» ይላል። ጥግ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል «አዎ» አለች። ቡጢ «አዎ»ን በሙሉ ጡጫው መታት። መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ ጥያቄው ግን ከስንጥቁ ሥር ሆኖ፣ በትሕትና፣ መልስ መጠበቁን ቀጠለ።

ዋናው ማጥፊያ ቢሮ ውስጥ ነው። ቢሮው ተቆልፏል። የበሩ ቁልፍ እትዬ ቦርሳ ውስጥ ነው። እትዬ ባንክ ናቸው። ቡጢ መጥረቢያ አንስቶ ሞተሩን ከመጋዙ የሚያገናኘውን ቺንጋ በጠሰው። ቺንጋው እንደ አለንጋ ተስፈንጥሮ ፊቱን ከጆሮው እስከ አገጩ ተለተለው። መጋዙ ቆመ። የጭምት ሁለት ጣቶች ግን ቀድመው ሄደዋል። ሰጋቱራ ተበትኖ ተፈለገ፤ አንደኛው ተገኘ። ሐኪሙ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ሰኞ እገባለሁ» አለ ጭምት፣ የሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ።

«አትገባም!» አለ ቡጢ።

ጭምት የታሸገ እጁን አሳየው። ከዚያ በደህናው እጁ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ጠቆመ። ክርክሩ በዚያው አለቀ።

እትዬም ቺንጋውንና መስታወቱን አስቀይረው፣ ሰኞ ሥራ ይጀመራል ብለዋል። ስክሪኑም እንደነበረ ከነጥያቄው። ቡጢ የእህቱን ቤት የበረገደው ለዚህ ነው፤ ቀዩ ቁልፍ ከሰኞ በፊት ካልተመለሰ ጭምት በቀሩት ጣቶቹ እዚያው ጋሪ ሥር ሊቆም ነው።

«ጥያቄውን ማን አስጨመረው?» አለ አማቹ፣ አፍንጫውን በመጋረጃ ጠርጎ። «አንተ አይደለህም? ‹ሰነፎቹ ዝም ብለው እንዳያቆሙት፣ መጀመሪያ ይጠይቅልኝ› አላልክም?»

ኮሌታውን የጨመደደው የቡጢ እጅ ላላ አለ።

«ልቅጠር ያልኩህ ዲዛይነርስ? ‹ሥራ ቦታው ድረስ መጥታ ሰው እንዴት እንደሚሠራ ትይ› ብዬ የዋጋ ማቅረቢያው ላይ ጽፌልህ አልነበረም? ምን አልክ? ‹ግንድ ይገባል፣ ጣውላ ይወጣል፣ ምኑን ታየዋለች፣ ሰርዘው› አልክ። ለዘመድ ብዬ ሰረዝኩልህ!»

ቡጢ ኮሌታውን ለቀቀ። ሰው እውነት ሲነግረው ደስ አይለውም፤ የሚመታው ነገር ያጣል። ለማንኛውም ፍሪጁ ላይ የቆመውን ጠርሙስ ግድግዳው ላይ ወረወረና «ቅዳሜ መጥተህ ራስህ ሞክረው» ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ አማቹ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። አፍንጫው እንደ ቃሪያ አብጧል። ጭምትም እጁን በአንገቱ አንጠልጥሎ መጥቷል፤ ማንም አልጠራውም።

«ጓንት አድርግ» አለው ቡጢ አማቹን።

አደረገ።

«አሁን መጋዙ እየሠራ ነው እንበል» አለና ቡጢ መጋዙን አስነሳው። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ላፕቶፑን ካማቹ ብብት መንጭቆ ጋሪው ላይ፣ ግንዱ ላይ አጋደመው። ጋሪው መሄድ ጀመረ። «አቁመው!»

«ጋሼ! የመሥሪያ ቤት ነው!»

«ጣትም የሰው ነው! አቁመው!»

አማቹ ስክሪኑን በጓንት ነካው። ምንም። ጓንቱን ሲታገለው አውራ ጣቱ ላይ ተጣበቀበት። ጥርሱን ነክሶ መነጨቀው። እንደገና ነካው። «እርግጠኛ ነዎት?» መጣ። አማቹ በድንጋጤ ዓይኑ ያየውን፣ ትልቁን፣ አረንጓዴውን ተጫነ።

«ተመለስ» ነበር።

ራሱ ነው የሠራው እንግዲህ። ራሱ ነው ያሰመረው፣ ራሱ ነው አረንጓዴ የቀባው። ስክሪኑም «እሺ፣ ሥራው ቀጥሏል» አለው።

መጋዙ ላፕቶፑን እንደ ሐብሐብ ከመሀል ለሁለት ከፈለው። የፊደል ቁልፎቹ እንደ በረዶ ዘነቡ። አንድ ስባሪ የአማቹን ጉንጭ ሰነጠቀው። ባትሪው ጨሰ፣ ተንጣጣ፣ ነደደ፤ ጭምት በባልዲ አሸዋ ደፋበት፤ ቡጢ ቢሮ ሮጦ መጋዙን አጠፋው፣ የቢሮውን ቁልፍ ለዛሬ ብሎ አስቀድሞ ከእትዬ ተበድሯል። ሲመለስ አማቹ ጣውላ ይዞ በሩ ላይ እየጠበቀው ነበር። በረሮ የሚፈራው ሰውዬ ጣውላውን በቡጢ አፍ ላይ አሳረፈው። የቡጢ የፊት ጥርስ ሰጋቱራ ውስጥ ገባ። ተያያዙ። ተንከባለሉ። አንዱ የሌላውን ጆሮ ነከሰ፣ ሌላው የአንዱን ጸጉር ነጨ። ሁለት አሳማዎች በጭቃ ቢጣሉ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ነበራቸው። በመጨረሻ ጭምት ሁለተኛ ባልዲ አምጥቶ ውሃ ከለበሰባቸው።

ተቀምጠው ሲያለከልኩ አማቹ ቀና አለ። ደም በጉንጩ፣ ሰጋቱራ በቅንድቡ። ጭምትን ያያል። ጭምት ባልዲውን አስቀምጦ ምሰሶውን ተደግፏል፣ የቀዩ ቁልፍ ቀዳዳዎች ላይ። አማቹ አስተዋለ። ምሰሶው ከወገብ በላይ ሸካራ ነው፤ ወገብ አካባቢ ግን ከስንት ሰው ጀርባ የተነሳ እንደ መስታወት ለስልሷል።

«ወንድሜ» አለው አማቹ። «ለምንድነው ሁላችሁም እዚያ የምትደገፉት?»

ጭምት ግራ ቀኙን አየ። ግንድ፣ ጋሪ፣ መጋዝ።

«የት ልቀመጥ?» አለ።

ቡጢ ደም ተፋ። ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ቤት ሲሠራ፣ ሰው ሲደገፍ ሰነፍ ብሎ ከመሳደብ በቀር አንድም ቀን ይህን አልጠየቀም። አማቹም አልጠየቀም፤ ላለመምጣት ቅናሽ አድርጎ ነበርና።

የዚያኑ ቀን ማዶና ወዲህ፣ እጅ በሚደርስበትና ጉልበት በሚደርስበት፣ ቀይ ቁልፎች ተተከሉ። ከስክሪኑ ጋር ዝምድና የላቸውም፤ ማንንም አይጠይቁም። ከምሰሶው ራቅ ብሎ፣ የቡጢን ጥርስ ከሰበረው ከዚያው ጣውላ አግዳሚ ተሠራ። ስክሪኑ «እንደምን አደሩ» ማለቱን ቀጥሏል፤ እሱን እትዬ አላስነኩም።

ሰኞ ጭምት ገባ። በግራ እጁ ቀዩን ቁልፍ አንዴ መታው። መጋዙ ቆመ። አስነሱት። ደግሞ መታው። ቆመ። ሦስተኛውን ቡጢ ራሱ፣ ለናፍቆቱ፣ በግንባሩ ገጨው።

ማክሰኞ የአማቹ ሒሳብ በፖስታ መጣ። ቁልፎች፦ በነጻ። አግዳሚ፦ በነጻ። ላፕቶፕ፦ ሙሉ ዋጋ፣ ለጋሼ በግል የሚከፈል። ቡጢ በጎደለው ጥርሱ እያፏጨ አነበበው። ሲያበቃ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ አግዳሚው ወደ ግራ ዘመም አለበት፣ አንድ እግሩ አጥሯል። ተነስቶ ወረቀቱን አራት እጥፍ አጠፈና ባጠረው እግር ሥር ወተፈው። ጭምትም መጥቶ ተቀመጠበት።

ሒሳቡ እስከ ዛሬ አልተከፈለም። አግዳሚው ግን አይነቃነቅም።