የእጅ ስፌት ሰዓት

የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን ሽታ ታውቁት እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ ካውያው ሁሉ የኤሌክትሪክ ስለሆነ እንደ ልብ አይገኝም። ባለፈው ሰሞን ግን አብነት አካባቢ በአንዲት ጠባብ የልብስ ሰፊ ሱቅ በር ሳልፍ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝና ባለሁበት ቆምኩ። ሌላውን ሰው ምን እንደሚያስታውሰው እንጃ፤ እኔን ግን ያሰኘኝ ማንበብ ነው። ያውም ጮክ ብሎ ማንበብ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በነበረች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ከአንድ ኮት ሰፊ ጋር ይሠራ ነበር። ሁለቱም ከልብስ መለኪያው ቁጥር በስተቀር ማንበብ አይችሉም። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ከሰዓት በኋላ የምውለው እነሱ ጋ ነው። የስፌት መኪናዎቹ መዞር ሲጀምሩ ሱቋ ከነጣሪያዋ ስለምትንቀጠቀጥ ማንም ማንንም አይሰማም ነበር። አሥር ሰዓት ገደማ ግን ሁለቱም መኪናቸውን አቁመው የእጅ ሥራውን ያወጣሉ፤ ቁልፍ ይተክላሉ፣ ጠርዝ ይዘመዝማሉ። ያን ጊዜ አባቴ የመኪናውን መሳቢያ ስቦ፣ ያቆምንበት ገጽ ላይ ቀይ ክር የገባበትን መጽሐፍ ያቀብለኛል። የእጅ ሥራውን ቀኑን ሙሉ ሳይነኩ የሚያጠራቅሙት ለዚያች ሰዓት ብለው ነበር።

መጽሐፉ የኪራይ ነው። ያኔ ሲኒማ ራስ አካባቢ መንገድ ዳር መጽሐፍ የሚያከራዩ ሰዎች ነበሩ። መጽሐፎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ሽፋናቸው ስለሚገነጠል በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተለብደው ይመጡ ነበር። ስለዚህ ርዕሱንም ደራሲውንም አናውቅም። እንደ ጎረቤት ሐሜት በታሪኩ ብቻ ነበር የምንጠራው፤ ያቺ የከዳችው፣ ያ የጠፋው እያልን።

መጀመሪያ ላይ ንባቤ መንተባተብ ነበር። የታሪክ ጣዕሙ የት ጋ እንዳለ ያሳየኝ የክፍል አስተማሪዬ ሳይሆን የአባቴ መርፌ ነው። ደህና ቦታ ስንደርስ መርፌው ጨርቁ ውስጥ ሳይገባ አየር ላይ ይቀራል። እኔም በቅንድቤ ስር አየውና ድምፄን ዝቅ፣ ንባቤን ቀስ አደርጋለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንደዚያ መርፌ ደስ ያሰኘኝ ነገር ግን የለም።

አንድ ክረምት የአንዲት ልጅ ታሪክ ያዝን። አባቷ በሩቅ አገር ታሞ ተኝቷል፤ እሷ ሳይሞት ልትደርስበት በእግሯ ጉዞ ጀምራለች። ይህቺ ልጅ ሱቋን ለሁለት ከፈለቻት። ኮት ሰፊው ነገሩ ሁሉ ጨለማ የሚታየው ሰው ነበርና ገና ከጅምሩ ፈረደባት።

«አትደርስም፤ ምን አለ በለኝ» ይል ነበር ለአባቴ።

«ትደርሳለች። ልጅ አይደለች እንዴ?» ይላል አባቴ፣ ከመርፌው ቀና ሳይል።

በዚህ እየተነታረኩ ሰነበቱ። ልጅቷ የሞላ ወንዝ የተሻገረች ቀን አባቴ አንድ የነጋዴ ኮት ይዞ ነበር። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይሰፋል። በማግስቱ ባለ ኮቱ መጥቶ ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ሊከት ቢል እጁ አልገባ አለው። ለካ አባቴ የኪሱን አፍ ከነገበሩ ሰፍቶ ዘግቶታል። ሰውዬው ሲቆጣ አባቴ ወንዙ ሞልቶ ነበር እኮ ብሎ መለሰለት። ኮት ሰፊው እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

አንድ ሕግ ነበረን፤ ቀድሞ ማንበብ አይፈቀድም። መጽሐፉ ከመሳቢያው አይወጣም፣ ቤትም አይሄድም። ልጅቷ የምትሆነውን ለማወቅ እየጓጓሁ እንኳ ቀይ ክሩን አልፌ አንድ መስመር አላየሁም። ጥቂት ገጾች ሲቀሩን ቅዳሜ ሆነና የቀረውን ለሰኞ አልነው።

እሑድ ያ የሱቆች ረድፍ ተቃጠለ። ወሬው ደርሶን እየሮጥን ስንሄድ እሳቱ ጠፍቶ፣ ውኃው በጥቀርሻ ጠቁሮ በቦዩ ይወርድ ነበር። ቆርቆሮው ተጨራምቶ መሬት ላይ ተኝቷል። ከስፌት መኪናዎቹ የቀረው ብረቱ ብቻ ነው። ሴቶች ያለቅሳሉ፣ ወንዶች አመዱን በእግራቸው ይገለብጣሉ። አባቴ መኪናው ከነበረበት ፊት ቆመና፣ «መሳቢያው ውስጥ ነበረች» አለ። እኔም አለቀስኩ፤ ግን ለእንጀራችን አልነበረም። ለዚያች መንገድ ላይ ለቀረችው ልጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮት ሰፊው ሌላ ሰፈር ተቀጠረ፣ አባቴ አንዲት አሮጌ መኪና አግኝቶ ቤት ውስጥ መስፋት ጀመረ። አከራዩም ከቦታው ጠፋ። እኔ ግን ልጅቷን መፈለግ ጀመርኩ። ርዕሱን ስለማላውቅ ያለኝ መላ ያገኘሁትን ልብ ወለድ ሁሉ መግለጥ ነበር። በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ በጓደኛ ቤት፣ በኋላም በደሞዜ እየገዛሁ፣ ለሥራ ስመላለስ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር አነበብኩ። መጀመሪያ ላይ እሷ እንዳልሆነች ሳውቅ መጽሐፉን እዘጋ ነበር። እየቆየ ግን መዝጋት አቃተኝ። ሰው አንባቢነትሽ ከየት መጣ ይለኛል። እኔ አንዲት ልጅ ጠፍታብኝ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ኮት ሰፊው ሞተ። የአባቴን ጆሮም ያ የስፌት መኪና ጩኸት ቀስ በቀስ ወሰደው። መጀመሪያ ጮክ ብለን እናወራው ነበር፤ አሁን የሚገባው በእጅና በፊት ብቻ ነው።

ልጅቷን ያገኘኋት ዘንድሮ ነው፤ እዚያው ሲኒማ ራስ አካባቢ፣ መሬት ላይ በተዘረጋ የመጽሐፍ ሻጭ ሸራ ላይ። ሽፋኗ አለ። ለካ ርዕሷ የግብርና መጽሐፍ የሚያስመስላት ስለሆነ ስንት ቦታ እያየሁ አልፌያታለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብ አወቅኳትና ገዛኋት። ወደ አባቴ የሚወስደኝ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የቀሩንን ገጾች ጨረስኩ። ኮት ሰፊው ልክ ነበር።

አባቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የልጄን ሸሚዝ ቁልፍ ይተክል ነበር። መጽሐፉን አሳየሁት። አላወቀውም። በሁለት ጣቶቼ የምትራመድ ልጅ፣ በእጄ የሚወርድ ወንዝ ሠራሁለት፤ ከዚያ ኪሴን በመዳፌ ከደንኩ። ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

«ደረሰች?» አለኝ።

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ አዎ አልኩት። እንደማይሰማ ትዝ ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ነግሬው ነበር» አለ። «ያ ጨለምተኛ አልሰማ ብሎ ነው እንጂ።» ከዚያም ክሩን በጥርሱ በጥሶ ወደሚቀጥለው ቁልፍ ሄደ።

አጠገቡ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ አፌ ራሱ ጀመረው። እሱም አፌን አንዴ አየት አድርጎ ፈገግ አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ብርሃኑ ከመስኮቱ ላይ እየሸሸ ነበር። ወንዙ ጋ ስደርስ እንደ ድሮዬ ድምፄን ዝቅ አደረግኩና በቅንድቤ ስር አየሁት። መርፌው አልቆመም።